ማታ ማን አለ? አዳማ ላይ የአረጋውያን መጦሪያ ስናፈላልግ

አክስቴን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ልጅ የላቸውም፤ እኛን የእህታቸውን ልጆች ነው ያሳደጉት። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፣ ባለቤቴም እንደዚያው። ሠራተኛ ቀጠርን፤ ሁለት ወር ሠርታ ሄደች። ሌላ ቀጠርን፤ እሷ ደግሞ አክስቴን ብቻዋን ማንሳት አቃታት፣ ወገቧን አመማት። አልፈርድባትም። ጮክ ብሎ ለመናገር የሚያሳፍረው ጥያቄ ቤታችን የገባው እንዲህ ነው፦ መጦሪያ ቢገቡስ?

ታላቅ እህቴ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። እዚያ እንዳሉ ብዙ ሐበሾች የሰው እናትና አባት ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ስታገላብጥ ነው የምታድረው። ነገሩን ስነግራት ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ስማኝ» አለችኝ። «መጀመሪያ በቀን ሂድና አስጎብኙኝ በል። የሚያሳዩህን እይ፣ አመስግን፣ ውጣ። ከዚያ ሳትነግራቸው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስ። ያን ጊዜ ያየኸውን ንገረኝ።»

ሦስት ቦታ አየሁ። ሁለቱ አዳማ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስማቸውን አልጠራም። እኔን ያሳሰበኝ እኛ ቤተሰቦች እዚያ ስንሄድ ምን እንደምንጠይቅ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ቦታ ጎብኝቼ ስወጣ ግቢው ንጹሕ ነው፣ አበባ ተተክሏል፣ አስተዳዳሪው ሰው አክባሪ ነው ብዬ ረክቼ ነበር የወጣሁት።

እኛ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» እንላለን፣ ሁለቱን ቃል አጣምረን። ቀብር ላይ ማንም አይችለንም። እድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ ለቅሶ የማይደርስ ጎረቤት ስሙ ይጠፋል። ጧሪው ከቤት ወጥቶ ማዕከል ሲሆን ግን ምን ብለን እንደምንቆጣጠር ገና አልለመድነውም። ቦታውን የምናየው እንደ ጽድቅ ቦታ ነው። በዓል ሲደርስ ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና ይዘን እንሄዳለን፣ አብረን ፎቶ እንነሳለን፣ እንባችንን ጠርገን እንመለሳለን። «ምን ይዘን እንምጣ?» እንላለን። «ማታ ስንት ሠራተኛ ያድራል?» ብዬ ስጠይቅ ግን የአንዱ አስተዳዳሪ ፊት ተለዋወጠ፤ የጠረጠርኩት መሰለው። ደግ ሥራ የሚሠራን ሰው መጠየቅ ነውር ይመስለናል። እኔ ግን ጥያቄው ደጉን ሰው ይረዳዋል ባይ ነኝ፣ ቢያንስ ምን እንደጎደለው አብረን እናውቃለን።

መቄዶንያን የማያውቅ የለም። ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እያነሳ የጀመረው ሥራ የስንቱን ልብ እንደነካ አይተናል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክር ለመነሳት ትክክል ነው፣ ስንቱን ከቤቱ አስወጥቶ አገልጋይ አድርጓል። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ 70 ኪሎ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ለማዛወር ግን ሥልጠና ያስፈልጋል። ትከሻውን ጎትተህ ካነሳኸው ትከሻው ይወልቃል፤ ጉልበትህን ሳታጥፍ ካነሳኸው የራስህ ወገብ ይሄዳል። የእኛ ሠራተኛ የተጎዳችው በዚህ ነው፣ ማንም አላሳያትም ነበር።

ጉዳዩ ደግሞ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሰው 5 በመቶ ገደማ ነው። በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ግን 6 ሚሊዮን አካባቢ ሰው ማለት ነው፤ የብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ወይ ዓረብ አገር ናቸው፣ ወይ አሜሪካ፣ ወይ እንደ እኔ አንድ ከተማ እየኖሩ ቀን ቀን ቤት የማይገኙ።

አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆሞችን የሚገዛው ዋናው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አረጋዊ ለሠራተኛው ምቾት ሲባል አይታሰርም፣ በመድኃኒትም አይደነዝዝም ይላል። ከ2008 ጀምሮ መንግሥት ለየቤቱ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፣ ቤተሰብ ስልኩን ከፍቶ ያየዋል። ኮከቡ የሚወጣው ከሦስት ነገር ነው፦ ተቆጣጣሪ በድንገት መጥቶ ካገኘው፣ ከሠራተኛው ብዛት፣ እና እንደ አልጋ ቁስል ካሉ የጤና መለኪያዎች። ጥሩ ይመስላል። ችግሩ የሠራተኛውን ቁጥር ለዓመታት የሚናገሩት ቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። በ2018 ቁጥሩ ከደመወዝ መዝገብ መወሰድ ሲጀምር ብዙ ቦታ የተባለውን ያህል ሰው እንደሌለ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ሠራተኛው እንደሚሳሳ ታየ። እህቴ ይህን ያወቀችው ከጋዜጣ አይደለም። እሁድ እሁድ ለብቻዋ የምታነሳቸውን ሰዎች ቆጥራ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በስልክ የሚታይ ኮከብ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንደሚመድብ ይናገራል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በበጎ አድራጎት የተቋቋመ ማዕከል ደግሞ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ይመዘገባል፣ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የምዝገባ ወረቀታችሁን አሳዩኝ፣ የከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኛችሁ መቼ ነው? ወረቀቱን የሚደብቅ ቦታ ላይ ጊዜ አታባክኑ። ወረቀቱ አለ ማለት ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስቴን ማን እንዳገላበጣቸው ይነግረኛል ማለት አይደለም።

ወደ ዋናው ልግባ።

እህቴ «ተረከዛቸውን እይ» አለችኝ። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ጭራ አጥንት። ተኝቶ የሚውል ሰው አጥንቱ ከፍራሹ ጋር ቆዳውን ይጫነዋል፣ ደም አይደርስም፣ ሥጋው ይሞታል። የአልጋ ቁስል ማለት ይሄ ነው። ለዚህ ነው በሁለት ሰዓት አንዴ ገደማ ማገላበጥ የሚባለው። ፈረንጆቹ የጻፉት መመሪያ ብዙ ጊዜ «ቆዳው ከቀላ» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ አይታይም። ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ይሆናል፣ በእጅ ጀርባ ሲነኩት ከአካባቢው ይሞቃል ወይ ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል ወይ ይለሰልሳል። መንካት ያስፈልጋል። የሚታይ ቁስል ከሆነ በኋላማ ዘግይቷል፤ ከሥር የተበላሸው ላይ ከሚታየው ይበልጣል።

በርግጥ የማላውቃቸውን ሰዎች ብርድ ልብስ ገልጬ አላይም። እሱ ነውር ነው፣ የሚያስገልጥ ቤትም ራሱ ሊያሳስባችሁ ይገባል። የጠየቅኩት «አሁን ቁስል ያለበት ሰው ስንት አለ? ከመጡ በኋላ የያዛቸው ስንት ናቸው?» ብዬ ነው። አንደኛው «እኛ ጋ ቁስል የሚባል የለም» አለኝ። 30 ከሚሆኑ አረጋውያን ግማሹ አልጋ ላይ ሆነው ምንም የለም ማለት ከበደኝ። ሦስተኛው ቦታ ያለችው ነርስ ግን ደብተር አወጣች። «ሁለት አሉ፣ አንዷ ከሆስፒታል ይዛው ነው የመጣችው፣ አንዱ እኛው ጋ ነው፣ ፍራሹ አርጅቶ ነበር፣ ቀየርነው» አለችኝ። ያንን ቤት ያመንኩት ያኔ ነው።

ክብደትም ጠይቁ። ሚዛን አለ ወይ? አንድ አረጋዊ በአንድ ወር ከክብደቱ 5 በመቶ ከቀነሰ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ 60 ኪሎ ለነበሩ እናት 3 ኪሎ ነው። ሚዛን ከሌለ ቀለበታቸውን እዩ፣ ጣት ላይ ይዞር እንደሆነ።

ምግብ ሰዓት ላይ መገኘት ብዙ ያሳያል። ጥርስ ለሌለው ሰው ደረቅ እንጀራ አቅርቦ «አልበላም አሉ» ማለት ይቻላል። ፍትፍት ማድረግ፣ አጥሚት ማሞቅ፣ ቀና አድርጎ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማጉረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስትሮክ ያገኘው ሰው መዋጥ ሊከብደው ይችላል፣ ተኝቶ ከተጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ልጅ አራት ሰው በዙር ስታጎርስ አየሁ። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፣ ሁለት እጅ ነው ያላት።

ስለ ጠረን አንድ ነገር ልበል። አንድ ክፍል ውስጥ ሽንት ከሸተታችሁ አሁን የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ አሽትቱ። ኮሪደሩ ሁሉ ከሸተተ ፍራሹ ጠጥቶታል። ጠዋት በረኪናና እጣን አንድ ላይ አፍንጫ የሚሰብር ከሆነም ማታ ተመለሱ።

ውኃ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም አዳማ ነን። የአዳማን ሙቀት የማያውቅ የለም፣ ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከሰዓት መተኛት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሰው ሲያረጅ ጥማት እንደ ድሮው አይሰማውም፤ ሰውነቱ ደርቆ እንኳ ውኃ አይልም። ከዚያ ይደናገራል፣ ይፈዛል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ «እርጅና ነው» ይባላል። ስለዚህ ውኃ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ውኃው የት ተቀመጠ? የመጀመሪያው ቦታ ላይ አንድ አባት ግራ እጃቸው የማይንቀሳቀስ፣ ኩባያው በግራቸው በኩል ባለ ኮመዲኖ ላይ ሙሉ ነበር። ሙሉ ኩባያ ሲያዩት ደስ ይላል። ላዩ ላይ አቧራ አርፎበታል።

እዚያው ግቢ ሌላ ያየሁት አለ። አንድ አዛውንት ደጋግመው «ቢሻን፣ ቢሻን» ይላሉ። አማርኛም ይችሉ ነበር አሉ፣ ግን ከመርሳት በሽታው ጋር ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል፣ የእናት ቋንቋ ይቀራል። ልጅቱ አዲስ ናት፣ ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ኦሮምኛ አታውቅም። ሽንታቸው የመጣ መስሏት ፖፖ አመጣችላቸው። እጇን ገፉት። «ይቆጣሉ፣ ኃይለኛ ናቸው» አለችኝ። ውኃ ነበር የሚለምኑት። እኔ ሰጠኋቸው፣ ሁለት ኩባያ ጠጡ። አዳማ ውስጥ የማታ ተረኛ ኦሮምኛ ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ስለ ፖለቲካ ማውራት አይደለም፣ ስለ ውኃ ነው።

«ኃይለኛ ናቸው» የሚለው ቃል ደግሞ ወዴት እንደሚወስድ ልንገራችሁ። ኃይለኛ የተባለ ሰው ይታሰራል፣ በነጠላ ከወንበር ጋር፣ «እንዳይወድቁ ብለን ነው» ተብሎ። ወይ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች የመርሳት ችግር ባለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል፣ በ2008 ማስጠንቀቂያውን ሃሎፔሪዶልን ጨምሮ ወደ ቆዩት መድኃኒቶች አሰፋው። እና ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ጸጥ ብሎ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ካገኛችሁት «እንዴት ሰላማዊ ነው» አትበሉ። የመድኃኒት መዝገቡን አሳዩኝ በሉ። ማን አዘዘ? በየሰው ስም ተለይቷል? ሰዓቱ ተጽፎ ተፈርሟል? የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀላቅሎ ካያችሁ ውጡ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ላላቸውም መታወቂያው ታድሷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መውደቅን ቶሎ ልለፈው፣ ሁሉም ስለሚገባው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል ይላል፤ ከሁሉም በላይ የሚሞቱት ከ60 በላይ ያሉት ናቸው። ሽንት ቤቱን እዩ። ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ ጉልበቱ ለታመመ ሰው አይሆንም። የሚያዝ ብረት ግድግዳው ላይ አለ? ሴራሚኩ እርጥብ ነው? ነጠላ ጫማው ልኩ ነው? መብራት ሲጠፋ ምን ይበራል? መብራት እንደሚጠፋማ እናውቃለን።

አሁን ወደ ማታው። የሁለተኛው ቦታ በር ላይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ደረስኩ። ዘበኛው ከፈተልኝ፣ ጨዋ ሰው ነው። ተረኛዋ ማን ናት ስለው አንዲት ወጣት መጣች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ሌሊቱንም እሷው ናት። 20 ምናምን ሰው፣ አንድ ሰው። ቆጥሬ አሰብኩት፦ ከ20ዎቹ አሥሩ የሚገላበጡ ቢሆኑ፣ ለአንዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ ዙር ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው፣ ጨርሳ ሳትቀመጥ ሁለተኛው ዙር ይደርሳል፣ መሐል አንዱ ቢወድቅ ሌላው ቢያስመልሰው ብቻዋን ናት። ማንም አይችለውም። የሴቶቹ ክፍል በር ደግሞ ከውጭ ተቆልፏል፣ አንዲት እናት ወጥተው ስለሚጠፉ። መስኮቱ ላይ ብረት አለ። ቁልፉ የት ነው ስል ልጅቱ ኪሷን ዳሰሰች፣ ዘበኛውን አየችው፣ እሱም ኪሱን ዳሰሰ። የተገኘው ኩሽና፣ ጨው ዕቃው አጠገብ ነው። እሳት ቢነሳ እያልኩ ያንን ሌሊት አልተኛሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በእንዲህ ዓይነት ተቋማት ከሚሠሩ ከሦስቱ ሁለቱ ባለፈው ዓመት አረጋውያንን በደል አድርሰናል ብለው ራሳቸው እንደተናገሩ ይጠቅሳል። መጀመሪያ ስሰማው ደነገጥኩ። ያቺን ልጅ ካየሁ በኋላ ግን ከየት እንደሚመጣ ገባኝ፦ 24 ሰዓት የቆመ ሰው ይጮኻል፣ ይገፈትራል፣ «ቆይ!» ብሎ ሰው በሽንቱ ላይ ይተዋል። ስለዚህ ሠራተኞቹን ስለ ራሳቸው ጠይቋቸው። እዚህ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ዕረፍትሽ መቼ ነው? ማን አሠለጠነሽ? ሠራተኛ በየሁለት ወሩ የሚለቅበት ቤት አረጋዊውን የሚያውቀው ሰው አይኖርም። ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር የሚጠጡት፣ በየትኛው ጎን ነው የሚተኙት፣ «እማማ» ሲሏቸው ነው ወይስ በስማቸው ሲጠሯቸው ቀና የሚሉት፣ ይህ ሁሉ ከሚሄደው ሠራተኛ ጋር ይሄዳል።

ሦስተኛውን ቦታ ነው የመረጥነው። ቀለሙ የተላላጠ ነው፣ ግቢው አቧራ ነው፣ አበባ የለውም። ማታ ግን ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ያድራሉ፣ ሦስቱም ማንሳት ተምረዋል። አክስቴን ለሙከራ አንድ ከሰዓት ወሰድናቸው። አንዲት ሠራተኛ ውኃ አመጣችና በቀኛቸው በኩል አስቀመጠች። ልናገር ስል አክስቴ ቀኝ እጃቸውን ለማንሳት ሲታገሉ አየቻቸው። ምንም ሳትል ኩባያውን አነሳች፣ አልጋውን ዞረች፣ በግራቸው አስቀመጠች። ከዚያ ኮመዲኖውንም ገፍታ አዞረችው። ለእህቴ ያንን ምሽት ይህን ብቻ ነው የነገርኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ከገቡ ሦስት ወር ሆናቸው። እኔ በሳምንት ሦስቴ እሄዳለሁ፣ ሰዓቱን እያቀያየርኩ። የአክስቴ የሴቶች እድር ደግሞ ዳኛዋን አናግረን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሴቶች ቡና ይዘው እንዲሄዱ ተስማማ። መጀመሪያ «እኛ የሞተ ነው የምንቀብረው» ያሉ ነበሩ። አሁን የአክስቴን ብቻ ሳይሆን ጠያቂ የሌላቸውን የሦስት እናቶች ጥፍር እየቆረጡ፣ ተረከዝ እያዩ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ጋ የሚሞቅ ቦታ አግኝተው ለነርሷ ነግረዋል።

ያልተፈታው የቁልፉ ነገር ነው። እዚህም የኋላው በር ማታ ይቆለፋል። ሦስት ቅጂ እናሠራለን ብለዋል፣ አንዱ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ እንዲንጠለጠል። ሐሙስ ማታ ሄጄ አያለሁ።